አዳም ሪስ፤ ሒሳብን ከገበታ ወደ ብዕር ያሻገረ መምህር

በዓለም ታሪክ መዝገብ ውስጥ ስማቸው ጐልቶ የሚገኝ ሰዎች አብዛኛዎቹ ወይ ጦር አዝምተው አገር ያቀኑ ነገሥታት፣ ወይ ባሕር ተሻግረው ያልታወቀ ምድር ያገኙ መርከበኞች፣ ወይም አዲስ ጥበብ ፈልስፈው ሰውን ሁሉ ያስደነቁ ሊቃውንት ናቸው። ልጆችን ሰብስቦ መደመርንና መቀነስን በማስተማር ብቻ ስሙ አምስት መቶ ዓመት ያህል በአንድ ሕዝብ አንደበት ውስጥ ሳይረሳ የኖረ ሰው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ከነዚህም ጥቂቶች አንዱ ጀርመናዊው አዳም ሪስ ነው። በጀርመን አገር ዛሬም ቢሆን አንድ ሰው የተሰላውን ሒሳብ ትክክለኛነት ለማረጋገጥ ሲፈልግ እንደ አዳም ሪስ አቆጣጠር ይህን ያህል ይሆናል ብሎ ይናገራል። ተናጋሪው ምናልባት የሰውየውን የሕይወት ታሪክ ጨርሶ አያውቅ ይሆናል፤ ስሙን ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል።

አዳም ሪስ የተወለደው በ1492 ዓ.ም. ገደማ በፍራንኮኒያ አውራጃ ሽታፍልሽታይን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የልደቱ ዘመን የታወቀው በ1550 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፉ ላይ የሚገኘው ሥዕሉ በዚያ ጊዜ ዕድሜው 58 ዓመት መሆኑን ስለሚገልጽ ነው። አባቱ ኮንጽ ሪስ ባለ ወፍጮ ነበር። ወፍጮ ቤት እህል በስፍር የሚገባበት፣ ዱቄትም በስፍር የሚወጣበት ቤት ስለ ሆነ ባለ ወፍጮና ባለ እህል ስለ ስፍርና ስለ ድርሻ የማይነጋገሩበት ቀን የለም። ሪስ በጐለመሰ ጊዜ የሕይወቱን ታላቅ ክፍል የሰጠው ለዚሁ ለስፍር፣ ለሚዛንና ለድርሻ ነገር ነው። በዩኒቨርሲቲ ተምሮ ማዕርግ የተቀበለ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን በ1509 ዓ.ም. ታናሽ ወንድሙ ኮንራድ ይማርባት በነበረችው በጽቪካው ከተማ፣ በኋላም የብር ማዕድን በሚቈፈርባት በአናበርግ እየተቀመጠ በሥራ ላይ ያሉ ሰዎች እንዴት እንደሚያሰሉ ለመመልከት ችሏል።

የዚህን መምህር ሥራ ክብደት ለመረዳት በዚያ ዘመን በኤውሮፓ የሒሳብ ትምህርት በምን ሁኔታ ላይ እንደ ነበረ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ሕዝቡ ቍጥርን ይጽፍ የነበረው በሮማውያን ፊደል ነው። ይህ አጻጻፍ የተቈጠረውን ነገር ለመመዝገብ ይበቃል፤ በወረቀት ላይ ለመደመርና ለመቀነስ ግን አይመችም። የግዕዝን አኃዝ የሚያውቅ አንባቢ ምክንያቱን ለመረዳት አይቸገርም። ፫፻፵፯ እና ፪፻፹፮ የሚሉትን ቍጥሮች አንዱን ከሌላው በታች ጽፎ በቀላሉ መደመር አይቻልም፤ ምክንያቱም አርባን የሚያመለክተው ምልክት ራሱን የቻለ ስለ ሆነ አራትን ከሚያመለክተው ጋር በመልክ አይገናኝም። ደግሞም ፫፻፬ ሲጻፍ የአሥር ቤት ባዶ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት የለውም፤ አያስፈልገውምም። እንዲህ ያለው አኃዝ ዘመንን ለመቍጠርና የመጽሐፍን ምዕራፍ ለማመልከት እጅግ የተዋበ ነው፤ ነገር ግን ማሰላቱ በሌላ መሣሪያ መሠራት አለበት።

ያ መሣሪያ በኤውሮፓ የመቍጠሪያ ገበታ ነበር። ነጋዴውም፣ ገንዘብ ያዡም፣ ግብር ሰብሳቢውም በጠረጴዛ ላይ መስመሮችን አስምሮ፣ በመስመሮቹ ላይ ከመዳብ ወይም ከናስ የተሠሩ የመቍጠሪያ ሳንቲሞችን እየደረደረ ያሰላ ነበር፤ ውጤቱን ብቻ በመጨረሻ በሮማ ፊደል ይጽፈዋል። ስለዚህ ሒሳቡ ካለቀ በኋላ ሳንቲሞቹ ሲነሡ የአሠራሩ መንገድ አብሮ ይጠፋል። ስሕተት ቢኖር ወይም አንዱ ሌላውን ቢያታልል ተመልሶ ለመመርመር የሚቻልበት ማስረጃ አይገኝም ነበር።

እነሆ፣ በሌላ በኩል በሕንድ አገር የተፈጠሩት፣ ዐረቦችም ተቀብለው ያስፋፉዋቸው ዘጠኙ አኃዞችና ዜሮ ወደ ኤውሮፓ ከገቡ ብዙ ዘመን ሆኗቸው ነበር። በዘጠነኛው መቶ ዓመት በባግዳድ ይኖር የነበረው አል ኸዋሪዝሚ ስለነዚህ አኃዞች አንድ መጽሐፍ ጽፎ፣ መጽሐፉም በኋላ ወደ ላቲን ተተርጕሟል። የፒዛው ሌዎናርዶም በሰሜን አፍሪካ በቡጂያ ወደብ በልጅነቱ የተማረውን ይህን ጥበብ በ1202 ዓ.ም. በጻፈው ታላቅ መጽሐፍ ለኢጣልያ ነጋዴዎች አስተዋውቋል። ነገር ግን አዲሱን አጻጻፍ ሁሉም በደስታ አልተቀበለውም። በ1299 ዓ.ም. የፍሎረንስ ከተማ የገንዘብ ለዋጮች ማኅበር አባሎቹ በሒሳብ መዝገባቸው ውስጥ በነዚህ አኃዞች እንዳይጽፉ ከለከለ። ለዚህም ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ዜሮን በአንዲት ጭረት 6 ወይም 9 ለማድረግ ቀላል መሆኑ ነው። ከአልፕስ ተራራዎች በስተ ሰሜን ባሉት የጀርመን አገሮች ደግሞ በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እንኳ ብዙው ሕዝብ አዲሶቹን አኃዞች አንብቦ የሚረዳ አልነበረም።

አዳም ሪስ በ1518 ዓ.ም. ወደ ኤርፉርት ከተማ መጥቶ የሒሳብ ትምህርት ቤት ከፈተ። ኤርፉርት ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ ማርቲን ሉተርም በወጣትነቱ የተማረባት ከተማ ናት። በዩኒቨርሲቲው ትምህርት የሚሰጠው በላቲን ቋንቋ ነበር፤ የሪስ ትምህርት ቤት ግን የዕለት ኑሯቸውን በንግድና በእጅ ሥራ ለሚመሩ ሰዎች የተከፈተ ስለ ሆነ መምህሩ የሚናገረው እነሱ በገበያ በሚናገሩት ቋንቋ ነው። በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን መጽሐፉን አወጣ። ይህ መጽሐፍ በመስመርና በሳንቲም ማሰላትን ብቻ የሚያስተምር ሲሆን ለልጆች ተብሎ የተዘጋጀ ነበር።

የመስመሩ አሠራር እንደሚከተለው ነው። አራት መስመሮች በአግድም ይሰመራሉ። ከታች ባለው መስመር ላይ የተቀመጠ አንድ ሳንቲም አንድ ማለት ነው፤ በሁለተኛው ላይ አሥር፣ በሦስተኛው ላይ መቶ፣ በአራተኛው ላይ ሺህ ይሆናል። የሺሁ መስመር እንዳይሳት የመስቀል ምልክት ይደረግበታል። በመስመሮቹ መካከል ባለው ሥፍራ የሚቀመጠው ሳንቲም ደግሞ ከበታቹ ያለው መስመር አምስት እጥፍ ነው፤ ይኸውም አምስት፣ አምሳና አምስት መቶ ማለት ነው። ሕጉ ሁለት ብቻ ነው። በአንድ መስመር ላይ አምስት ሳንቲሞች ሲገኙ እነሱ ይነሡና በስተ ላይ ባለው ሥፍራ አንድ ይቀመጣል፤ በአንድ ሥፍራ ሁለት ሳንቲሞች ሲገናኙ ደግሞ እነሱ ይነሡና በሚቀጥለው መስመር ላይ አንድ ይቀመጣል።

በዚህ ገበታ ላይ 347ን ከ286 ጋር የሚደምር ልጅ ሁለቱንም ቍጥሮች በሳንቲም ደርድሮ ያቀላቅላቸዋል። ከታች ሦስት ባለ አንዶችና ሁለት ባለ አምስቶች ያገኛል። ሁለቱን ባለ አምስቶች አንሥቶ በአሥር መስመር ላይ አንድ ይጨምራል። በአሥር መስመር ላይ ሳንቲሞቹ ስምንት ስለሚሆኑ አምስቱን አንሥቶ ወደ አምሳው ሥፍራ አንድ ያሳልፋል፤ ሦስት ይቀራሉ። በአምሳው ሥፍራ ሁለት ስለሚገናኙ ወደ መቶው መስመር አንድ ይወጣል። መቶዎቹም ስድስት ይሆናሉ፤ ይኸውም በአምስት መቶ ሥፍራ አንድ፣ በመቶ መስመር ላይ አንድ ነው። ስለዚህ በገበታው ላይ 633 ተዘርግቶ ይታያል። ልጁ አሥሮቹ ወደ መቶ ሲለወጡ በጣቱ አንሥቶ በጣቱ አስቀምጧቸዋልና የሆነውን ነገር ማንም እንዲነግረው አያስፈልገውም።

የሪስን ስም ያስጠራው ግን በ1522 ዓ.ም. በኤርፉርት በማቴስ ማለር ማተሚያ ቤት የታተመው ሁለተኛው መጽሐፉ ነው። የመጽሐፉ አርእስት ሒሳብ በመስመርና በብዕር የሚል ትርጕም አለው። ብዕር ማለቱ በአዲሶቹ አኃዞች በወረቀት ላይ የሚሠራውን ስሌት ነው። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ሉተር ወደ ጀርመንኛ የተረጐመው ሐዲስ ኪዳን ታትሞ ወጥቷል። ስለዚህ ከላቲን በስተቀር በሌላ አንደበት እንደማይነገሩ ይታሰቡ የነበሩ ሁለት ነገሮች፣ ቅዱስ መጽሐፍና የቍጥር ጥበብ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በሕዝቡ ቋንቋ በሕዝቡ እጅ ገቡ ማለት ነው።

እርግጥ ነው፣ በጀርመንኛ ስለ ሒሳብ ሲጽፍ ሪስ የመጀመሪያው ሰው አልነበረም። ኡልሪኽ ቫግነር በ1483 ዓ.ም. በባምበርግ፣ ዮሐንስ ቪድማንም በ1489 ዓ.ም. በላይፕሲክ የነጋዴ ሒሳብ መጻሕፍት አሳትመው ነበር፤ የመደመርና የመቀነስ ምልክቶች የሆኑት + እና − በኅትመት መጀመሪያ የታዩትም በቪድማን መጽሐፍ ነው። ነገር ግን በነዚያ መጻሕፍት ለመጠቀም አንባቢው አስቀድሞ ብዙ ነገር ማወቅ ነበረበት። ሪስ ከነሱ የተለየበት ነገር የትምህርቱ ቅደም ተከተል ነው። ልጆችን ሲያስተምር ያስተዋለውን ነገር በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ገልጿል፤ ይኸውም በመስመር የጀመሩ ተማሪዎች ወዲያው በብዕር ከጀመሩት ይልቅ ፈጣኖችና ቀልጣፎች ሆነው ማግኘቱ ነው። ስለዚህ አዲሱን ጥበብ ለማስፋፋት ሲል አሮጌውን ገበታ አልጣለውም፤ ወደ አዲሱ የሚያሻግር ድልድይ አደረገው እንጂ። በገበታው ላይ መቍጠርን፣ መደመርን፣ መቀነስን፣ በሁለት ማጠፍን፣ ለሁለት መክፈልን፣ ማባዛትንና ማካፈልን ካስተማረ በኋላ እንደ ገና ከመጀመሪያው ተነሥቶ ያንኑ ሁሉ በብዕር ያስተምራል።

በብዕር ሲሠራ 347 ከላይ፣ 286 ከበታቹ ይጻፋል፤ አንዱ ከአንድ ቤት፣ አሥሩ ከአሥር ቤት፣ መቶውም ከመቶ ቤት በታች እንዲውል ይደረጋል። 7 እና 6 ሲደመሩ 13 ስለሚሆኑ 3 ተጽፎ 1 በእጅ ይያዛል። 4 እና 8 በእጅ ካለው 1 ጋር 13 ስለሚሆኑ እንደ ገና 3 ተጽፎ 1 ይያዛል። 3 እና 2 ከተያዘው 1 ጋር 6 ይሆናሉ፤ ውጤቱም 633 ነው። በገበታው ላይ ያላለፈ ልጅ በእጅ የሚያዘው አንድ ምን እንደ ሆነ አይገባውም፤ መምህሩ ያዝ ስላለው ብቻ ይይዘዋል። በገበታው ላይ ያለፈው ልጅ ግን ያ አንድ ከአንድ መስመር ተነሥቶ ወደ ላይ የተሻገረው ሳንቲም እንደ ሆነ ያውቃል፤ አንድ ተብሎ ቢጠራም አሥር ወይም መቶ መሆኑን አይዘነጋም።

ይህ ልዩነት ይበልጥ ጐልቶ የሚታየው በመቀነስ ጊዜ ነው፤ ይልቁንም በመካከል ዜሮ ሲገኝ። ከ503 ላይ 278 ይቀነስ ቢባል 8ን ከ3 ላይ ማንሣት አይቻልም፤ ለመበደር ወደ አሥር ቤት ቢኬድ እዚያም ዜሮ ነው። በዚህ ቦታ ያልተሰናከለ ተማሪ ጥቂት ነው። በገበታው ላይ ግን 503 ማለት በአምስት መቶው ሥፍራ አንድ ሳንቲም፣ በታችኛው መስመር ላይም ሦስት ሳንቲሞች ማለት ነው። ልጁ ባለ አምስት መቶውን አንሥቶ በአምስት ባለ መቶዎች ይመነዝረዋል። ከባለ መቶዎቹ አንዱን በሁለት ባለ አምሳዎች፣ ከባለ አምሳዎቹ አንዱን በአምስት ባለ አሥሮች፣ ከባለ አሥሮቹም አንዱን በሁለት ባለ አምስቶች ይመነዝራል። አሁን በገበታው ላይ አራት መቶዎች፣ አንድ አምሳ፣ አራት አሥሮች፣ ሁለት አምስቶችና ሦስት አንዶች አሉ፤ ድምራቸው ያው 503 ነው። ከዚህ ላይ 278ን፣ ይኸውም ሁለት መቶዎችን፣ አንድ አምሳን፣ ሁለት አሥሮችን፣ አንድ አምስትንና ሦስት አንዶችን ሲያነሣ 225 ይቀርለታል።

ይኸው ሒሳብ በጽሕፈት ሲሠራ 5ቱ 4፣ ዜሮው 9፣ 3ቱ ደግሞ 13 ሆነው ይቈጠራሉ፤ ከዚያም 8፣ 7 እና 2 ከየቤታቸው ይቀነሳሉ። ዜሮው በድንገት ዘጠኝ የሚሆንበትን ምክንያት በቃል ማስረዳት ለመምህር ከባድ ነው። ሳንቲሞቹን የመነዘረ ልጅ ግን በአሥር ቤት አንድ አምሳና አራት አሥሮች፣ በድምሩ ዘጠና፣ መቅረታቸውን በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ ዘጠኙ ለእሱ የሚታመን ነገር እንጂ የሚሸመደድ ነገር አይደለም።

ሪስ ተማሪው መምህሩን ብቻ አምኖ እንዲቀር አልፈለገም፤ የሠራውን የሚመረምርበትን መንገድም ሰጥቶታል። መደመር በመቀነስ፣ መቀነስም በመደመር ይፈተናል። በብዕር ለሚሠራ ደግሞ በዘጠኝ መፈተኛውን አስተምሯል። በዚህ ፈተና የ347 አኃዞች ተደምረው 14፣ እንደ ገናም ተደምረው 5 ይሆናሉ፤ የ286ም 16፣ ከዚያም 7 ይሆናሉ። 5 እና 7 ደግሞ 12፣ ከዚያም 3 ናቸው። የ633 አኃዞችም እንዲሁ 12፣ ከዚያም 3 ስለሚሆኑ ሒሳቡ ፈተናውን አልፏል ማለት ነው። ይህ መፈተኛ ሁለት አኃዞች ቦታ ቢለዋወጡ ስሕተቱን አያሳይም፤ ቢሆንም ብዙውን ስሕተት ይይዛል፤ ይልቁንም ተማሪው የራሱን ሥራ ራሱ የመመርመር ልማድ እንዲኖረው ያደርጋል።

የመጽሐፉ ምሳሌዎች ከተማሪው ኑሮ የተወሰዱ ነበሩ። በሳክሶኒያ ገበያ አንድ ጉልደን 21 ግሮሸን፣ አንድ ግሮሸንም 12 ፕፌኒግ ነበረ። ስለዚህ 7 ጉልደን ከ18 ግሮሸን ከ9 ፕፌኒግ ያለው ሰው 5 ጉልደን ከ14 ግሮሸን ከ8 ፕፌኒግ ሲጨመርለት፣ 17ቱን ፕፌኒግ በ12 መንዝሮ 1 ግሮሸን ማሳለፍ፣ 33ቱንም ግሮሸን በ21 መንዝሮ 1 ጉልደን ማሳለፍ አለበት፤ ድምሩም 13 ጉልደን ከ12 ግሮሸን ከ5 ፕፌኒግ ይሆናል። እዚህ ላይ በአሥር ማሳለፍን በቃል ብቻ የሸመደደ ተማሪ መንገዱ ይጠፋበታል፤ ማሳለፍ ማለት ታናናሾቹን ወደ ታላቁ መለወጥ መሆኑን የተረዳው ግን ገንዘብም ቢሆን ስፍርም ቢሆን ሚዛንም ቢሆን አያስቸግረውም።

ሪስ በኤርፉርት ሳለ ከከተማዋ ምሁራን ጋር ተዋውቆ ነበር። ከነሱም መካከል ሐኪሙ ጌዎርግ ሽቱርትስ ወዳጁ ሆኖ ቤተ መጻሕፍቱን ከፍቶለታል። በሽቱርትስ ማበረታታት ሪስ በዚያ ዘመን ኮስ ይባል የነበረውን የአልጀብራን ትምህርት አጥንቶ በ1524 ዓ.ም. አንድ ትልቅ መጽሐፍ ጽፎ ፈጸመ። ይህም ሪስ ከመደመርና ከመቀነስ በላይ የማያውቅ ሰው እንዳልነበረ ያስረዳል። ከፍ ያለውን ትምህርት እያወቀ ዝቅ ያለውን ለማስተማር ጊዜውን መስጠቱ የሚያስመሰግነው ነገር ነው። የአልጀብራው መጽሐፍ በሕይወቱ ሳለ ሳይታተም ቀርቶ፣ በእጁ የተጻፈው ጥራዝ መልኩ ሳይለወጥ ለሕዝብ የታተመው በ1992 ዓ.ም. ነው።

በ1523 ዓ.ም. ገደማ ሪስ ወደ አናበርግ ተዛውሮ እስከ ዕለተ ሞቱ በዚያው አካባቢ ኖረ። አናበርግ በ1496 ዓ.ም. የተመሠረተች፣ በተራራዋ ውስጥ በተገኘው ብር ምክንያት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሕዝብ የሞላባት ከተማ ነበረች። በዚያም የሒሳብ ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1525 ዓ.ም. የፍራይበርግ ቍልፍ ሠሪ ልጅ የሆነችውን አና ሎይበርን አገባ፤ ቤትም ገዛ። ከእርሷም ቢያንስ ስምንት ልጆች ወለደ።

ብዙ ሳይቈይ የማዕድኑ አስተዳደር ሒሳብ አዋቂነቱን ተመልክቶ ሥራ ሰጠው። በሳክሶኒያ አንድ የማዕድን ጕድጓድ እስከ 128 አክሲዮን ተከፍሎ ለብዙ ባለ ድርሻዎች ይደለደል ስለ ነበረ ገቢውና ወጪው በየሦስት ወሩ ተሰልቶ መመዝገብ ነበረበት። ሪስ በመጀመሪያ የዚህ ሒሳብ ጸሓፊ ሆነ፤ በኋላም የአክሲዮኖችን ባለቤትነት የሚመዘግብ ሹም ሆነ። ከ1533 እስከ 1539 ዓ.ም. ደግሞ በጋየር ከተማ ከማዕድኑ ለገዥው የሚከፈለውን ዐሥራት ይሰበስብ ነበር። በዚህ ሥራ ላይ የአንዲት አኃዝ ስሕተት ባለ ድርሻውን ያከስራል ወይም ሹሙን በሌብነት ያስጠረጥራል። ስለዚህ ለልጆች የሚያስተምረውን የሒሳብ መፈተኛ ራሱም በየቀኑ የሚሠራበት ነበር ማለት ይቻላል። እነዚህን ሹመቶች ይዞ ሳለ ማስተማሩን አልተወም።

በአናበርግ ከሠራቸው ሥራዎች ለሕዝቡ እጅግ የቀረበው ግን የዳቦ ሒሳብ ነው። በዚያ ዘመን የዳቦ ዋጋ አንድ ሆኖ ይጸናና የእህል ዋጋ ሲለዋወጥ ክብደቱ ይለዋወጥ ነበር። እህል ሲወደድ በአንድ ሳንቲም የሚሸጠው ዳቦ ያንሳል፤ እህል ሲረክስ ይተልቃል። ነገር ግን እህሉ በዚህ ያህል ሲወደድ ዳቦው ምን ያህል እንዲያንስ እንደሚገባ ገዢው አያውቅም፤ የሚያውቀው ጋጋሪው ብቻ ነው። የማዕድን ሠራተኛ ሚስት ልጆቿን ለማብላት የምትገዛው ዳቦ ከሚገባው በላይ ቢቀነስባትም የምትከራከርበት ማስረጃ አልነበራትም። ሪስ በ1533 ዓ.ም. ለከተማው ምክር ቤት ክብር ባዘጋጀው፣ በ1536 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፍ ውስጥ የስፍርንና የሚዛንን ዋጋ፣ ለያንዳንዱም የእህል ዋጋ የሚገባውን የዳቦ ክብደት አስልቶ በሠንጠረዥ አቀረበ። ዓላማውም ድኻው ሰው ዳቦ ሲገዛ እንዳይበደል መሆኑን ገልጿል። ከዚህ በኋላ አኃዝ ማንበብ የሚችል ማንኛውም ሰው የዕለቱን የእህል ዋጋ በሠንጠረዡ ላይ አይቶ፣ ዳቦውን በሚዛን አስመዝኖ፣ ከጐደለበት መናገር ይችላል። ጋጋሪውም ቢሆን ያለ አግባብ በተከሰሰ ጊዜ በዚያው ሠንጠረዥ ራሱን ነጻ ያወጣል።

ሦስተኛውና ትልቁ የሒሳብ መጽሐፉ ለማሳተም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ በመሆኑ ለረጅም ዘመን ሳይታተም ቆየ። በመጨረሻ በ1550 ዓ.ም. በላይፕሲክ ታትሞ ወጣ፤ ጢሙን አሳድጎ የሚታይበት የታወቀው ሥዕሉም በዚህ መጽሐፍ ላይ የሚገኘው ነው። ሪስ በ1559 ዓ.ም. በ67 ዓመቱ ገደማ ሞተ። ልጁ አብርሃም የአባቱን ሙያ ወርሶ በአናበርግ ሒሳብ ሲያስተምር ኖረ። የሪስ መኖሪያ የነበረው ቤት ዛሬ በስሙ የሚጠራ ቤተ መዘክር ነው።

ሁለተኛው መጽሐፍ ደራሲው ከሞተ በኋላም እየታተመ እስከ አሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ድረስ ከ100 ጊዜ በላይ ወጣ። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ የሚያስገርም ነገር ሆኗል። ትምህርቱ በመስመር ይጀምር የነበረው መጽሐፍ ሕዝቡን ከአዲሶቹ አኃዞች ጋር እያለማመደ በሄደ መጠን ገበታው ራሱ እያላስፈለገ ሄደ፤ በመጨረሻም ከነጋዴው ጠረጴዛ ጠፋ። ብዕሩ ግን ቀረ። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ ልጆች ቍጥሮችን አንዱን ከሌላው በታች ጽፈው፣ አንድ በእጅ ይዘው፣ ከጐረቤት ቤት ተበድረው የሚሠሩት ሒሳብ ሪስ በብዕር ካስተማረው ጋር ወንድማማች ነው።

ነገር ግን ከገበታው ጋር አብሮ ሊጠፋ የማይገባው ነገር አለ። ሪስ ገበታውን ያስቀደመው ለአሮጌው ልማድ ስላደላ አይደለም፤ በወረቀት ላይ የሚጻፈው አኃዝ እጅ አስቀድሞ የሠራውን ነገር በአጭሩ የሚጽፍ ምልክት መሆኑን ስላወቀ ነው። ምልክቱን ብቻ የተቀበለ ተማሪ ሕጉን እስካልረሳ ድረስ ያሰላል፤ ከረሳ ግን የሚመለስበት መንገድ የለውም። የዛሬ መምህር የናስ ሳንቲምና የተሰመረ ጠረጴዛ ላይኖረው ይችላል። ጠጠር፣ የባቄላ ፍሬ፣ አሥር አሥር ሆኖ የታሰረ እንጨት ግን በየትኛውም የገጠር ትምህርት ቤት ደጃፍ ይገኛል። ጠመኔውን አንሥቶ በሰሌዳው ላይ 503 ሲቀነስ 278 ብሎ ከመጻፉ በፊት አንዱን እስር በልጁ እጅ ቢያስፈታው፣ ዜሮው ዘጠኝ የሚሆንበትን ምክንያት ልጁ ለመምህሩ ይነግረዋል።